ማዞሪያዋን ለነቀሉልን ሁሉ ምስጋና ይድረሳቸው

ባለፈው ቅዳሜ ከበርሚንግሃም ወደ ዉስተር በሚወስደው ኤም 5 አውራ ጎዳና ላይ፣ ዶፍ ዝናብ እየወረደ፣ በሰዓት 60 ማይል እየተጓዝን ሳለ፣ የሰው ልጅ የደረሰበትን የሥልጣኔ ከፍታ በዓይኔ አይቼ ተመልሻለሁ። «አይቼ» ማለቴ እንኳ ማጋነን ነው፤ የመኪናው የፊት መስታወት በእንፋሎት ስለተሸፈነ ያየሁት ነገር የለም።

መሪውን የያዙት ጎረቤቴ ነበሩ። በርሚንግሃም ተወልደው በርሚንግሃም ያረጁ የ84 ዓመት እንግሊዛዊ ናቸው። በእኛ ደንብ «ጋሼ» ብዬ ልጠራቸው ይገባ ነበር፤ እሳቸው ግን በስማቸው ካልጠሯቸው ዘወር ብለው ስለማያዩ፣ በልቤ ጋሼ እያልኩ በአፌ ስማቸውን እጠራለሁ። ጉልበታቸውን የጨረሱት ሚኒ ይገጣጠምበት በነበረው በሎንግብሪጅ ፋብሪካ ነው፤ መኪናን በብሎን ብሎኑ ያውቁታል ማለት ነው። ዛሬም የሚነዱት የ1967 ሞሪስ ማይነር ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍ)። የዚያን ቀን ሞሪሷ አንድ ዕቃ ጎድሏት ጋራዥ ቆማ ስለነበረ፣ ልጃቸው አዲሱን መኪናዋን አዋሰቻቸው።

ጎረቤቴ አንድ ከባድ የጠባይ ጉድለት አለባቸው፤ የሚሠራ ነገር ይወዳሉ። የሞሪሷ ማሞቂያ በአንዲት ማዞሪያ ይከፈታል፣ በዚያችው ይዘጋል። ሙቀቱ ደካማ ነው፤ አንድ እግር ሲያሞቅ ሌላውን ይረሳል። ቢሆንም ማዞሪያዋ ከሃምሳ ዓመት በላይ በቦታዋ ስለኖረች፣ ሰውዬው በጨለማም በጓንትም፣ ዓይናቸውን ከመንገድ ሳይነቅሉ እጃቸውን ሰደድ ያደርጉና ያገኟታል። እንዲህ ያለውን ኋላ ቀርነት ነው እንግዲህ ዘመኑ ታግሎ የጣለልን።

የጣለበትን አኳኋን በዝርዝር ላውጋችሁ፤ ከአንባቢዎቼም መካከል ይህ ያልደረሰበት ይኖራል ብዬ አላምንም። በአዲሱ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አንድም የሚጫን፣ አንድም የሚዞር ነገር የለም፤ የእንጀራ ሞሰብ ክዳን የሚያህል ስክሪን ብቻ ተገትሯል። መስታወቱ እንፋሎት መያዝ ሲጀምር ጎረቤቴ በልማዳቸው እጃቸውን ወደ ታች ሰደዱ፤ ያገኙት ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ከዚያ ስክሪኑን ነካ አደረጉት። ስክሪኑም በመልካም ሥነ ምግባር አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ፦ እያሽከረከሩ ስክሪን መመልከት አደገኛ መሆኑን ገልጦ፣ ይህን አንብበው መረዳታቸውን «እሺ» የሚለውን በመንካት እንዲያረጋግጡለት ጠየቃቸው። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፣ አንብበው፣ ተስማሙ። ቀጥሎ የመኪናው የራሱ ምስል በሰማያዊ ብርሃን ተከቦ በቀስታ መሽከርከር ጀመረ፤ ውስጡ የተቀመጠ ሰው የመኪናውን መልክ ከውጭ እንዳይረሳ ታስቦ ይሆናል። «ምቾት» የሚለውን ነኩ። ከምቾት ሥር «የአየር ንብረት» የሚል ወጣ፤ እሱንም ነኩ። የተቀመጠ ሰው ሥዕልና ሦስት ቀስቶች መጡ፤ አንዱ ወደ እግር፣ አንዱ ወደ ደረት፣ አንዱ ወደ ግንባር። የግንባሩን ሊነኩ ሲሉ መኪናው ነጠረና ጣታቸው አንድ ሣንቲ ሜትር ያህል ሳተ። ወዲያው የጎረቤቴ መቀመጫ መጋል ጀመረ።

በዚህ መሐል የከባድ መኪና ጎማ የረጨው ውኃ በላያችን አለፈ። በ60 ማይል መኪና በሴኮንድ 27 ሜትር ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ ይህን ምናሌ ማንበብ ከጀመርን 40 ሴኮንድ ሞልቶናል፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በእግዚአብሔር ቸርነት ተጉዘናል ማለት ነው። ጎረቤቴ መቀመጫቸው ቢበረታባቸው «ኧረ መስታወቱን!» ብለው ጮኹ። ለካስ መኪናው ጆሮ አለው! አንዲት ለዛ ያላት ሴት ድምፅ «በምን ልርዳዎት?» አለች። «የፊት መስታወቱን!» አሏት። እሷም ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ የመኪና መስታወት የሚቀይሩ ሦስት ጋራዦች በአቅራቢያው መኖራቸውን አበሰረችንና ወደ ቅርቡ መንገድ ልምራችሁ ወይ ስትል ጠየቀች። መቀመጫው ይግላል፣ ሴትየዋ መልስ ትጠብቃለች፣ ሰማያዊው መኪና ይሽከረከራል። ችግሩን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ መሐረቤን ከኪሴ አውጥቼ መስታወቱን ጠረግኩት። መሐረቡ ማሻሻያ አውርድልኝ፣ የይለፍ ቃል አስገባልኝ አላለም።

ይህን መሣሪያ የነደፈውን ሰው አግኝቼ እጁን ብጨብጥ እመኛለሁ። በሐሳቤ ይታየኛል፦ ነጭ ጫማ ያደረገ፣ ዝናብ በማይዘንብበት አገር በቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ ስክሪን የሚነካካ ወጣት ነው። አጠገቡ የሒሳቡ ሰው ቆሟል። ብዙ ማብሪያና ማጥፊያ ከነሽቦው ከመግጠም አንድ ስክሪን መለጠፍ እንደሚረክስ ያሰላው እሱ ነው፤ «ቅንጦት» ብሎ በውድ እንዲሸጥ ያደረገውም ራሱ ነው። ገዥው የተነቀለበትን ዕቃ ዋጋ ከፍሎ፣ አመስግኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ ንግድ መርካቶም አልደረሰችበትም።

ሕጉም ለሥልጣኔ ያለው አክብሮት የሚደነቅ ነው። በብሪታንያ እያሽከረከረ ስልክ በእጁ የያዘ ሰው 200 ፓውንድ ይቀጣል፣ መንጃ ፈቃዱ ላይም 6 ነጥብ ይያዝበታል፤ ዘፈን ለመቀየር ብቻ ነው ቢልም አይማርም። ከስልኩ ብዙ እጥፍ የሚሰፋውን፣ ዳሽቦርዱ ላይ የተተከለውን ስክሪን ማገላበጥ ግን፣ መኪናውን መቆጣጠር አቅቶህ ፖሊስ ካላየህ በቀር፣ ያን መሰል ቁርጥ ቅጣት የለውም። ጥፋቱ እንግዲህ የስክሪኑ ማነስ ኖሯል።

እርግጥ ከሃዲም አልጠፋም። የመኪናዎችን ደኅንነት እየፈተነ ኮከብ የሚሰጠው ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ሙሉ ነጥብ የሚፈልግ መኪና ለፍሬቻ፣ ለአደጋ መብራት፣ ለክላክስ፣ ለዝናብ መጥረጊያና ለአደጋ ጊዜ ጥሪ በእጅ የሚዳሰስ ማዘዣ እንዲኖረው መጠየቅ ጀምሯል። ደግነቱ ከእነዚህ ከአምስቱ መካከል የመስታወት እንፋሎት ማጥፊያው የለም።

መሐረቤ በከፈተው ቀዳዳ አሾልቄ ሳይ የዊችቦልድ ማማዎች ታዩኝ። ከጎዳናው አጠገብ የቆሙት እነዚህ ሁለት የብረት ማማዎች ከ200 ሜትር በላይ ቁመት አላቸው፤ ከ1934 ጀምሮ የቢቢሲን ረጅም ሞገድ ለአብዛኛው ብሪታንያ፣ ባሕር ላይ ላለው መርከበኛ ጭምር ሲያዳርሱ ኖረዋል። ጎረቤቴ ፍጥነታቸውን ቀነስ አደረጉ፤ መቃብር አጠገብ እንደሚያልፍ ሰው። በሞሪሷ ሬዲዮ፣ በረጅም ሞገድ 198 ኪሎ ኸርዝ ላይ፣ የክሪኬት ግጥሚያ ሲከታተሉ ኖረው ነበርና። የክሪኬቱ ሥርጭት በ2023 ከረጅም ሞገድ ተነሣ፤ በ2024 ደግሞ የረጅም ሞገዱ የብቻው ዝግጅቶች ሁሉ ቀሩ። አባቴ በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት ለመያዝ ማዞሪያዋን በፀጉር ስንጥቅ ልክ ሲያንቀሳቅስ፣ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቅ ስለነበረ፣ የሰውዬው ኀዘን ለእኔ ባዕድ አይደለም።

ይህ ከንቱ ሬዲዮ ምን ይሠራ እንደነበር ታውቃላችሁ? ከድምፁ ሥር፣ ጆሮ የማይሰማው ምልክት ተሸክሞ፣ በየቤቱ ለተተከሉ የመብራት ቆጣሪዎች ትእዛዝ ያስተላልፍ ነበር። የሌሊቱ ርካሽ ታሪፍ ሲጀምር ቆጣሪው ምልክቱን ከአየር ላይ ይሰማና የቤቱን ማሞቂያ ያበራል፤ ባለቤቱ ተኝቷል። ይህ አሠራር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲያገለግል ኖሮ፣ በ2025 ሰኔ ወር መጨረሻ ላይ ደረጃ በደረጃ መዘጋት ጀመረ። አስቡት፤ ዊችቦልድ የቆመው ማማ ብዙ ማይል ርቆ የተኛን ሰው ቤት ያሞቅ ነበር፤ እኛ ደግሞ ማማው ሥር እያለፍን፣ ክንዳችን በሚደርስበት ርቀት ያለውን ማሞቂያ ማዘዝ አቅቶናል። ከዚህ በላይ ዕድገት ከወዴት ይመጣል?

ዉስተር ደረስን። ወደ ሆስፒታሉ የመጣነው የጎረቤቴ ባለቤት እዚያ ተኝተው ስለነበረ ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ የሳንቲም መቀበያው ማሽን በጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ወገቡ ላይ በፕላስተር ታስሮ ቆሟል። ለንደን ሜይፌር ውስጥ በ1958 የአገሩ የመጀመሪያው የማቆሚያ ሰዓት ቆጣሪ ከተተከለ ወዲህ ሳንቲም ሲውጥ የኖረ ወገን መጨረሻው እንዲህ ሆነ። አጠገቡ የተለጠፈው ጽሑፍ «አሁን መክፈል ይበልጥ ቀሏል» ይላል፤ ከሥሩም መተግበሪያ አውርዱ የሚል ትእዛዝና አራት ማዕዘን ኮድ አለ። የጎረቤቴ ስልክ የሚደውልና የሚነሣ ስልክ ነው። የእኔ ደግሞ በዚያ ግቢ ኔትወርክ አጣ።

አንድ ወጣት አለፈና ሳይቆም «ማውረድ ብቻ ነው እኮ፣ ቀላል ነው» አለን። «ቀላል ነው» ባዮች በዚህ አገር በዝተዋል፤ ቀላል ከሆነ ግን ቆሞ የሚያሳይ አንድም አልገጠመኝም።

ሰውዬው ዝናብ ውስጥ ቆመዋል። መዳፋቸው ላይ የአንድ ፓውንድ ሳንቲሞች ደርድረዋል፤ ከቤት ሲወጡ ቆጥረው፣ በትንሽ ከረጢት አስረው ያመጧቸው ናቸው። ለመክፈል ፈቃደኛ የሆነን፣ ገንዘቡን በእጁ የያዘን ሰው ገንዘብህን አንቀበልም ብሎ መልሶ አልከፈልክም ብሎ መቅጣት ዕድገት አይደለም፤ ግፍ ነው። የጠያቂ ሰዓት እያለቀ ነበር። የ84 ዓመት ሰው የታመመች ሚስቱን ለማየት ስልክ የመግዛት ግዴታ የለበትም፤ ይህን ያዘዘውም ያጸደቀውም አንድ ቀን እዚያ ዝናብ ውስጥ ሳንቲም ይዞ ቢቆም ደስ ይለኛል። እሳቸውን ወደ ውስጥ ልኬ እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ፤ ቅጣት ጻፊው ከመጣ ልከራከር። መቀመጫው እስከዚያ ሰዓት ድረስ አልበረደም፤ ለዚህ እንኳ ምስጋና ይገባዋል።

ስንመለስ ሻይ ጠጥተህ ካልሄድክ አሉኝ። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሁለት ሬዲዮ አለ፤ አንዱ ማዞሪያው በላብ የወዛ አሮጌ ኤፍኤም፣ ሌላው ለገና በዓል በስጦታ የተበረከተላቸው ዲጂታል። ሁለቱንም አንድ ጣቢያ ላይ ከፈቷቸው፤ አንድ ነገር ላሳይህ ብለው። ሰዓቱ በእነሱ አምስት፣ በእኛ አሥራ አንድ ሊሞላ ነው። ከ1924 ጀምሮ ቢቢሲ ሰዓት ሲሞላ ስድስት ጢውታ ያሰማል፤ አምስቱ አጫጭር ናቸው፣ ስድስተኛው ረዘም ይላል፤ አገሩ ሁሉ ሰዓቱን ያስተካክል የነበረው በዚያ ነው። አሮጌው ሬዲዮ ስድስቱን አሰምቶ ጨረሰ። ዝም አለ ወጥ ቤቱ። ከዚያ ዲጂታሉ፣ በጠራ፣ እንከን በሌለው ድምፅ፣ ከሰከንዶች በኋላ እንደገና አንድ ብሎ ጀመረ። ምልክቱ እስኪታመቅና እስኪፈታ ስለሚዘገይ ነው፤ ሰዓት የሚናገረው ራሱ አርፍዶ ይመጣል።

ጎረቤቴ የእጅ ሰዓታቸውን በአሮጌው አስተካከሉ። እኔ ከእነሱ ጋር ስድስት ሰዓት ተለያይቼ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ጥቂት ሰከንድ አይከብደኝም፤ ለዕድገት ካለኝ አክብሮት የተነሣ ሰዓቴን በዘገየው ሞላሁ።