ሰንበት የሠራተኛዋም ናት

ዓርብ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ታክሲ የሚነዳ ሰው ኬምፕ ሚል የሚባለውን ሰፈር ያውቀዋል። ሕጋቸውን አጥብቀው የሚይዙ አይሁዶች የሚበዙበት ነው፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል መኪናው ሁሉ በር ላይ ይቆምና ሰዉ በእግሩ ወደ ምኩራብ ይሄዳል፣ አባት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ልጆቹ ከኋላ እየተሯሯጡ፣ እጁ ላይ ስልክ የያዘ አንድ ሰው አታይም። የኔ ስልክ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ተሰክቶ ይጮሃል። የመጀመሪያ ቀን ሳያቸው፣ እውነቴን ነው፣ ቀናሁባቸው።

ከዛ ስለ ሰንበት ማንበብ ጀመርኩ። ልቤን የነካኝ ረቢ አብርሃም ጆሹዋ ሄሼል ነው፣ ዋርሶ ተወልዶ፣ እናቱን ናዚዎች ገድለውበት፣ አሜሪካ ገብቶ ኒውዮርክ ያስተማረ፣ በ1965 ሰልማ ላይ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር የተሰለፈ ሰው። ሰንበትን በጊዜ ውስጥ የተሠራ ቤተ መንግሥት ይላታል። ዘፍጥረት ላይ መጀመሪያ የተቀደሰው ተራራ ወይ ቤተ መቅደስ አይደለም፣ ቀን ነው ይላል።

ይሄን ለአንድ ሹፌር ጓደኛዬ ሳጫውተው «ተው ባክህ፣ ማረፍ የሀብታም ነው፣ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ምን ሰንበት አለው» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ግን ሕጉን ጠጋ ብሎ ላየው የሚለው ተቃራኒውን ነው። ዘፀአት 20 አንተ ዕረፍ ብሎ አያበቃም፣ አገልጋይህም፣ ገረድህም፣ ከብትህም፣ በደጅህ ያለው እንግዳም ይላል፣ ዘዳግም 5 ደግሞ ምክንያቱን ሲናገር አንተም ግብፅ ባሪያ እንደነበርክ አስብ ነው የሚለው። ባሪያ ማለት እኮ «ዛሬ አልሠራም» ማለት የማይችል ሰው ነው።

አሁን አሁን ፖድካስቱም ዩቲዩቡም ስልክህን አጥፋ፣ አእምሮህን አሳርፍ ይላል፣ ጥሩ ምክር ነው፣ ግን እኔ ብቻዬን ሳጠፋ ጥሪው ወደሌላው ሹፌር ይሄዳል፣ ኪራዩ ግን እኔኑ ይጠብቃል። ኬምፕ ሚል ላይ ባለሱቁም ጠበቃውም እኩል ነው የሚዘጉት፣ ማንም ማንንም ስለማይቀድም ማረፍ አያስፈራም። ረቢዎቹ በሰንበት የሚከለከሉትን ሥራዎች 39 አድርገው የቆጠሩት ሰውን ለማስጨነቅ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ግን አጥር ነው የሚመስለኝ፣ አለቃህም ዘሎ የማይገባበት።

ነገሩ ለኛ ሩቅ አይደለም። እኔ ጎንደር ነው ያደግሁት፣ አያቴ የወለቃ ቤተ እስራኤሎች ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ እሳት አጥፍተው ቅዳሜን የቀዘቀዘ ምግብ እየበሉ እንደሚውሉ ትነግረን ነበር። እንዲህ የጠበቋት ሰንበት ናት እንግዲህ፣ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዘመቻ ሰለሞን ሲጀመር ቀኑ ዓርብ ነበር፣ ሰንበት ገብቶም አውሮፕላኖቹ ሲመላለሱ አድረው እስከ ቅዳሜ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤሎችን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ወሰዱ። ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል ነው ሕጉ። የኔ የዓርብ ማታ ጥሪዎች ግን አብዛኞቹ ከሬስቶራንት ወደ ባር ናቸው።

ቤይሩትና ሪያድ ያሉ እህቶቻችን የዕረፍት ቀን ሲነፈጉ እንናደዳለን፣ መናደድም አለብን። እኛ ቤት ጓዳ ያለችውስ? ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆማ የምትውለውን «እንደ ልጄ ነው የማያት» እንላለን፣ ልጃችን ግን እሑድ ትተኛለች።

ከሦስት ጓደኞቼ ጋር እሑድ እሑድ አፑን አብረን ልንዘጋ ተስማምተናል፣ አራተኛ ሳምንታችን ነው። ባለፈው ደግሞ እናቴ ጋ ደውዬ ቤት የምትረዳትን ልጅ እሑድን ሙሉ ልቀቂያት አልኳት።

«እንግዳ ቢመጣ ቡናውን ማን ያፈላል?»

«እማዬ፣ ወንድሜ አለልሽ አይደል?»

ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ ከቅዳሴ መልስ አክስቷ ጋ ትሂድ» አለችኝ።