ባሕሩን በቀኝ ይዞ መንዳት ነው

አቦ ሰው ሳይጠይቁ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የሚከቱ ሰዎችን የሆነ አካል ይያዝልን። ትናንት ምሳ በልቼ፣ ያው የዲሬዳዋ ፀሐይ ሱቁንም ሰዉንም ዘግታ በምታስተኛበት ሰዓት፣ ገና ጋደም ከማለቴ ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳየው "ማዳጋስካርን እንዙር" የሚል ግሩፕ ውስጥ ገብቻለሁ። ማን ከተተኝ? ቸርማን። ቸርማን የሰፈራችን ልጅ ነው፣ በሕይወቱ የምንም ነገር ሊቀመንበር ሆኖ አያውቅም፣ ግን ሶስት ሰው ከተቀመጠ "እሺ አጀንዳችን ምንድነው" ስለሚል ነው ስሙ የወጣለት። ለግሩፑ ፎቶ ሌሙር (ዝንጀሮ መሳዩ የማዳጋስካር እንስሳ) ብሎ የለጠፈው ደግሞ ደንገጎ መንገድ ዳር ተቀምጦ ከመኪና ሙዝ የሚጠብቀውን ዝንጀሮ ነው። በፊቱ አውቀዋለሁ።

እቅዱን በድምፅ ነው የላከው፣ ረጅም ድምፅ፣ ግማሹ ሳል ነው። ሲጨመቅ ይሄ ነው፦ ሶስት ሳምንት እንመድባለን፣ በአውሮፕላን እንወርዳለን፣ ሚኒባስ እንከራይና ደሴቷን ዙሪያዋን ዞረን እንመለሳለን። "መንገድ አይጠፋንም፣ ደሴት ናት፣ ባሕሩን በቀኝ ይዞ መንዳት ነው።"

እሺ ይሄ ይሁን፣ ቸርማን ነው ብዬ ልተወው እችል ነበር። ያናደደኝ ከስር የመጣው ነው። "አለሁበት።" "አለሁበት ወንድሜ።" "እኔማ ተኝቼም አለሁበት።" "ቁጠሩኝ።" አንዱ እንዳውም አለሁበት ካለ በኋላ ነው "ማዳጋስካር ከሞቃዲሾ ወዲህ ነው ወዲያ?" ብሎ የጠየቀው። እኔ የምለው፣ ለሰፈር ለቅሶ ድንኳን ተከላ ስትጠራው "ወገቤን" የሚል ሰው እንዴት ነው ለሶስት ሳምንት የሚኒባስ ጉዞ ወገብ የሚያገኘው?

አያቴ ለእንደዚህ አይነቱ ነገር አንድ ተረት ነበራት፣ እኔም በጣም ነው የምወደው፣ "ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ"። አስቡት እስቲ። ሽማግሌ ተልኳል፣ ጥሎሽ መጥቷል፣ ዳሱ ተጥሏል፣ ወጡ ተሰርቷል፣ ሚዜዎች በር ላይ ይጨፍራሉ፣ እሷ ግን ከሚዜው ጀርባ ላይ ካልወጣች ሰርግ አለ ብላ አታምንም። እንደዚህ አይነት ብልህ ሴት ዛሬ ብትኖር ባንክ ትመራ ነበር። እኔ ይሄን ተረት መብራት መጣ ሲሉኝ እላለሁ፣ ውሃ ተለቀቀ ሲሉኝ እላለሁ፣ ብድርህን ለሰኞ እከፍልሃለሁ ሲሉኝ እላለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን በዚህ ተረት ምክንያት ትታኝ እንደምትሄድ ነግራኛለች። ካልታዘልኩ አላምንም አልኳት።

ደግሞ በአለሁበት በኩል እኔ የቆየ ቁስል አለኝ። ቁልቢ። በታኅሣሥ 19 ለንግሥ በእግር እንሂድ ተባባልን፣ ያኔም ቸርማን ነው አጀንዳ የከፈተው፣ ያኔም ሁሉም አለሁበት። ስራ ተከፋፈልን፣ አንዱ ውሃ፣ አንዱ ባትሪ፣ አንዱ ብርድ ልብስ፣ ምክንያቱም ከዲሬ ተነስቶ ዳገቱን የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ ታች ላብ ያጠመቀህ ሰውዬ፣ ላይ ስትደርስ ጥርስህ ይንቀጫቀጫል። ስንቅ የተመደበለት ልጅ (ስሙን አልጠራም፣ አሁን የቤተሰብ ኃላፊ ነው፣ ልጆቹም ያነባሉ) ምን ይዞ መጣ? ጥቁር መነፅር። በሌሊት ነው የምንሄደው እኮ! "ስንቁስ?" ስንለው "እናንተ የምታመጡ መስሎኝ" አለ። አየህ አለሁበት ማለት ይሄ ነው፣ ሰውዬው አለ፣ ስንቁ ግን የለም። መንገዱን ሙሉ ከማናውቃቸው እናቶች ቆሎ እየተቀበልን ነው የደረስነው፣ እሱ ደግሞ ከሁላችን የበለጠ በላ። አሁን ይሄው ልጅ ማዳጋስካር ግሩፕ ውስጥ አለ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? "የምግብ ነገር ለኔ ተዉት።"

ምን ላውራ ነበር? አዎ፣ መዞሩን። እንቅልፉ አንዴ ሄዷልና ስልኬ ላይ ስለ ማዳጋስካር ማንበብ ጀመርኩ። በስፋት ከዓለም አራተኛ ደሴት ነው፣ ግሪንላንድ፣ ኒው ጊኒ፣ ቦርኒዮ፣ ከዛ እሱ። ወደ 587 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የኢትዮጵያን ግማሽ ያልፋል። ከሰሜን ጫፍ ደቡብ ጫፍ ከ1500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባሕሩን በቀኝ ይዞ መንዳት የሚባል ነገር ደግሞ የለም፣ ምክንያቱም ባሕሩን ተከትሎ የሚዞር መንገድ ራሱ የለም። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች መሐል ደጋው ላይ ካለችው ከዋና ከተማዋ ከአንታናናሪቮ ነው እየተነሱ ወደየዳርቻው የሚወርዱት፣ ስለዚህ አንዱን ዳርቻ ጨርሰህ ሌላውን ለማየት ብዙ ጊዜ በመጣህበት ተመልሰህ ዳገቱን መውጣት አለብህ። በጣም ጥሩ የሚባለው ሰባተኛው ብሔራዊ መንገድ ነው፣ ከአንታናናሪቮ በአንትሲራቤና በፊያናራንትሱዋ አድርጎ ደቡብ ምዕራብ ባሕር ዳር ቶሊያራ ድረስ፣ ዘጠኝ መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር። በምስራቁ ዳርቻ ወደ ማሮአንትሴትራ የሚሄደው አምስተኛው መንገድ ደግሞ ወንዝ በመጣ ቁጥር መኪናህን ታንኳ መሳይ ነገር ላይ ጭነህ የምትሻገርበት፣ ጭቃው መኪና የሚውጥ ነው። በዛ ላይ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ዝናብ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ደግሞ አውሎ ነፋስ። ቸርማን የመረጠው ወር ምን ይመስላችኋል? ጥምቀትን አክብረን እንነሳ ነው የሚለው።

ይሄን ሁሉ ግሩፑ ላይ በትህትና ጻፍኩት። መልስ፦ "አታሟርት።"

እሺ አላሟርትም። ግን የመኪና ነገር ስለተነሳ ሳልናገር አላልፍም። እዛ አገር ሰዉ የሚጓዝበት ሚኒባስ ታክሲ ብሩስ ይባላል፣ ሰዓት የለውም፣ ሲሞላ ነው የሚወጣው፣ ጣራው ላይ ሩዝ በጆንያ፣ ሳይክል፣ ዶሮ ይጫናል። ወሮበላ ባለበት አካባቢ ማታ ማታ ተጠባብቀው በሰልፍ ነው የሚሄዱት፣ ከብት የሚዘርፉትን ዳሃሎ ይሏቸዋል። ይሄን ሳነብ ምንም አልገረመኝም፣ ምክንያቱም እኔ ዲሬ ሐረር የምመላለስ ሰው ነኝ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት እኮ! ረዳቱ "ሁለት ሰው ብቻ፣ ሁለት ሰው" ይልሃል፣ ትገባለህ፣ ውስጥ ያለኸው አንተና ሹፌሩ ናችሁ። እንደውም ሹፌሩም ሹፌር አይደለም፣ መኪናው የሞላ እንዲመስል የተቀመጠ የረዳቱ ጓደኛ ነው። ይሄ ቀልድ መስሏችሁ እንዳትስቁ፣ እኔ የታመመ ሰው ልጠይቅ እየሄድኩ ነው ፀሐይ ላይ እንደዛ የተቀመጥኩት፣ "ስንት ሰው ነው የቀረህ?" ብዬ በጠየቅኩት ቁጥር "ሁለት" ነው መልሱ፣ ሶስት ሰው ከገባ በኋላም ሁለት። የሰው ሰዓት እንደዚህ ሲሰረቅ ማንም ሌባ አይልም። ለአንድ ወንበር የሁለት ሰው ሂሳብ ከፍለህ አራተኛ ሰው ሲለጠፍብህ ደግሞ ተሳፋሪው ራሱ "ጠጋ በል አቦ፣ ቅርብ ነው" ይልሃል። ቅርብ ከሆነ ለምን በእግሩ አይሄድም?

ብቻ አንድ ነገር ደስ ብሎኛል። የአንታናናሪቮ ታክሲዎች የድሮ ሬኖ 4 እና ሲትሮየን ናቸው፣ ልክ እንደ ሐረር ፔጆ 404ዎች። ሐረር ላይ ፔጆ ስትሳፈር በሩን ሹፌሩ ነው ከውጭ የሚከፍትልህ፣ ለአክብሮት እንዳይመስልህ፣ ከውስጥ ያለው እጀታ ስለሌለ ነው። ፈረንሳይ የሄደበት ሁሉ መኪናውን ትቶ ነው የሚሄደው። ባቡርም እንደዛው። ከፊያናራንትሱዋ ተነስቶ በጫካ ውስጥ ምስራቅ ባሕር ዳር ማናካራ የሚወርድ ሃዲድ አላቸው፣ 163 ኪሎ ሜትር፣ እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1936 የተሰራ፣ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ በየጣቢያው ሴቶች ሙዝና ሽሪምፕ በመስኮት ይሸጣሉ። የዲሬ ልጅ ይሄን ሲሰማ ሆዱ ካልባባ የዲሬ ልጅ አይደለም፣ እኛንም እኮ ከሜዳ ላይ ከተማ ያደረገን እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ነው። አባቶቻችን ቦንዡር ብለው የሚያድሩ፣ ማሊያቸው ላይ ምድር ባቡር የተጻፈ ሰዎች ነበሩ።

ግን ልዩነቱ ላይ ልቤ ይነካል። በ1888 ዓ.ም. የካቲት ላይ እኛ አድዋ ነበርን፣ ዓመቱ ሳያልቅ በዛው በ1888 ነሐሴ ላይ ማዳጋስካር በይፋ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ተባለች። የመጨረሻዋን ንግሥታቸውን ራናቫሎና ሦስተኛን አውርደው መጀመሪያ ሬዩኒየን ከዛ አልጀርስ አጋዟት፣ እ.ኤ.አ. በ1917 እዛው በስደት ሞተች፣ የኛው ባቡር አዲስ አበባ በገባበት ዓመት ማለት ነው። ይሄን ግሩፑ ላይ ለመጻፍ ጀምሬ ነበር፣ መሐል ላይ ግን ቸርማን ድምፅ ላከ፣ "ቲሸርት እናሰራ፣ ቀለም ምረጡ።" ቲሸርቱ ላይ ክርክሩ ሌሊቱን ነጋበት ማለት ይቻላል። ቪዛ ማንም አላነሳም፣ የወባ መድኃኒት ማንም አላነሳም፣ ብር ያነሳ አንድ ልጅ ነበር፣ "ቅድሚያ መዋጮ እንጀምር?" ብሎ ጻፈ፣ ታየ፣ ታየ፣ ታየ፣ መልስ የለም። አለሁበት ያሉት ሁሉ አይተውታል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ለጠፈበት፣ በዓልም አልነበረም።

እኔ ግን (ይሄን ለባለቤቴ እንዳትነግሩ) እቅዱን ለብቻዬ ሰርቼዋለሁ። ዝናብ በማይኖርበት በሰኔና በጥቅምት መካከል ነው መሄድ። ከአንታናናሪቮ በሰባተኛው መንገድ ወደ ደቡብ፣ አንትሲራቤ ላይ ማደር፣ እዛ ሰው በእጁ የሚጎትተው ጋሪ አለ፣ ቀለም የተቀባ፣ በሩጫ። ከዛ ፊያናራንትሱዋ፣ ባቡሩ ካለ ባቡሩ፣ ከዛ ኢሳሎ የድንጋይ ገደሉን ማየት፣ ቶሊያራ ባሕር ላይ ማረፍ። ተመልሶ ወደ ምዕራብ ሞሮንዳቫ፣ ግንዱን ለማቀፍ ስንት ሰው እንደሚፈልግ የማይታወቅ የባኦባብ ዛፍ ግራና ቀኝ የቆመበት መንገድ አለ፣ ስድስት የባኦባብ ዝርያ ከዛ ደሴት ውጪ የትም አይበቅልም። በየመንደሩ ፋዲ የሚሉት ክልክል አለ፣ አንዱ ጋ መቃብር ላይ ጣት መቀሰር ነውር ነው፣ ሌላው ጋ ሌላ ነው፣ ጠይቆ መግባት ነው። ለዲሬ ልጅ ይሄ ፈተና ነው፣ ገና ሳይተዋወቅ "አንተ" ብሎ ትከሻ የሚመታ ሕዝብ ነን። ሶስት ሳምንት ለዚህ ለደቡቡና ለምዕራቡ ብቻ አይተርፍም። ስለ ሰሜኑ አላሰብኩም ነበር።

ሰሜኑን ያነሳብኝ ያ የቁልቢው ባለ መነፅር ነው። ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ እውነት ግን ነው፣ እኔም አጣራሁት፦ በሰሜን ጫፍ አንትሲራናና በምትባለው ከተማ ጫት ይቃማል። አምብር ተራራ አካባቢ ይለማል፣ ከየመን የሄዱ ሰዎች ናቸው ያስገቡት ይባላል፣ ከሰዓት በኋላ ከተማው ልክ እንደኛ ጋደም ይላል። ይሄን ሲጽፍ ግሩፑ ለአፍታ ፀጥ አለ። ከዛ ቸርማን የመጣው በድምፅ አይደለም፣ በጽሑፍ ነው፣ ነገሩ የቱን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ እወቁ። "መዞሩ ይቅር፣ ሶስቱንም ሳምንት ሰሜን።" አለሁበት ዘነበ። መዋጮ ያነሳው ልጅ እንኳን አለሁበት አለ። አሁን ይሄን ስጽፍ ክርክሩ ሌላ ሆኗል፣ ግማሹ የነሱ ቅጠል ከአወዳይ ጋር አይወዳደርም፣ ስለዚህ ከዚሁ ይዘን እንሂድ ይላል፣ ግማሹ ደግሞ ከዚሁ ይዘን ከሄድንማ ለምን እንሄዳለን ይላል፣ አንዱ አጎቱ ጉምሩክ የሚያውቀው ሰው አለ፣ ቸርማንም ጉዳዩን በአካል ተገናኝተን በደንብ እንየው ብሎ ለዛሬ ስምንት ሰዓት ከዚራ ቤቱ ጠርቶናል፣ ለውዝና ኮካ በኔ በኩል ነው አሉ፣ ማን እንደመደበኝ አላውቅም።