የሙት ልጅም ዘመድ አለው

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ በተደረገ አንድ ስብሰባ ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች ትልቅ ማሳደጊያ ይሠራ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ተጨበጨበለት። ምክንያቱን ስሰማ ደሜ ፈላ። ዘመድ ጋ ያደገ ልጅ ከብት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል ተባለ።

እናትና አባት ያለው የጎጃም ልጅስ ከብት አይጠብቅም? ካጨበጨቡት መካከል ጥጃ ሳያግድ ያደገ ስንቱ ነው? ከብት መጠበቅ ልጅን ከዘመዱ የሚያስነጥቅ ጥፋት ከሆነ ግማሹን ገጠር ማሳደጊያ ልናስገባው ነው። የሙት ልጅ ጉልበት የሚበዘብዝ አጎት አለ፣ አልክድም። እሱን ቀበሌና ፍርድ ቤት ይጠይቁት። በእሱ ጥፋት ደህናዋ አክስት ለምን ትቀጣለች?

ድህነቷም ምክንያት አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት በ2009 እ.ኤ.አ. የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ሊያስለየው እንደማይገባ በግልጽ ያስቀምጣል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን መሬቱ ነው። አንድም ሰው አላነሣውም! የገበሬ ልጅ ወላጆቹ ሲሞቱ ባዶ እጁን አይቀርም። የይዞታ ደብተር አለ። ጎዛምን ውስጥ የማውቃቸው አንዲት አያት የሟች ልጃቸውን ደብተር በፌስታል ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። መሬቱን በእኩል ያሳርሳሉ። ጤፉ ሲወቃ አውድማው ዳር ቁጭ ይላሉ፤ ድርሻቸው ተሰፍሮ እስኪያልቅ ንቅንቅ የለም። የልጅ ልጃቸውም አጠገባቸው ነው። ድንበሩ የት እንደሆነ፣ የትኛው ጎረቤት በማረሻ እንደሚገፋ አሳምሮ ያውቃል። ይህን ልጅ ከተማ ወስዳችሁ አልጋና ብርድ ልብስ ስጡት። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ውጣ ሲባል ማሳውን ማን ይዞ ይጠብቀዋል? ድንበርተኛው ገፍቶታል። የሚመሰክርለት ሽማግሌ ሞቷል። የእከሌ ልጅ ነው የሚለው ሰው የለም። የአባቱ መሬት እያለ መተማ ወርዶ የሰው ሰሊጥ ሲያጭድ ታገኙታላችሁ። ማሳደጊያው ያበላዋል፣ ያለብሰዋል፤ መሬቱን ግን አይጠብቅለትም። ገጠር ላይ ደግሞ መሬት የሌለው ወጣት ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናያለን።

ዘመድ የሚባል ጭራሽ የሌለውስ? ለእሱም የአደራ ቤተሰብ አለ፣ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ አለ። የውጭ አገር ጉዲፈቻን በ2010 ዓ.ም. በሕግ የዘጋነው ልጆቻችን በገዛ አገራቸው ቤተሰብ ውስጥ ይደጉ ብለን ነው፤ ማሳደጊያ እንሙላ ብለን አይደለም። ሩማንያ፣ ቡካሬስት ውስጥ 136 የማሳደጊያ ሕፃናት ተጠንተዋል። ግማሾቹ በዕጣ ለአደራ ቤተሰብ ተሰጡ። ባደጉ ጊዜ በአእምሮ እድገት ማሳደጊያ እንዲቆዩ ከተመደቡት በልጠው ተገኙ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ ለሕንፃው ይገኛል ተብሏል። ለብሎኬት፣ ለዘበኛና ለሒሳብ ሹም የሚወጣው ብር በየወሩ አያትየዋ እጅ ይግባ። ደብተር፣ ዩኒፎርምና ሳሙና ይገዙበታል። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ልጁ ትምህርት ቤት መዋሉን ይይ። መሬቱን በስሙ ያዞረ አጎት ይከሰስ። የመሠረት ድንጋይ ከመጣሉ በፊት ደግሞ እነዚያ ያጨበጨቡ ሰዎች የልጆቹን ስም ዝርዝር ይዘው ቀበሌ ለቀበሌ ይዙሩ፤ የስንቱ አያት፣ የስንቱ አክስት በሕይወት እንዳለች ጠይቀው ለሕዝብ ይንገሩን።