የማያውቁት አገር ናፍቆት

የእህቴ ልጅ ባለፈው እሑድ የተደነቀችው ሁለት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው መደነቅ በካሜራ ሲታይ ራሷንም አላሳመናትም። አንዱን ስልክ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ ፊቷን እየቀረጸች፣ በሌላው ስልክ ደግሞ የምትወደው ፊልም ተዋንያን ከብዙ ዓመት በኋላ በኢንተርኔት የተገናኙበትን ቪዲዮ ከፍታ፣ እንደ አዲስ ልትገረምና ልታለቅስ ነበር ዕቅዷ። ቪዲዮውን በቃሏ ታውቀዋለች። እናቴ የሚጨሰውን ቡና እንደ ልማዷ በየአፍንጫችን ስታዞር ወደ ስልኩ ጎንበስ አለችና «ይኼ ሽማግሌ የማን ዘመድ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ቀረጻውም ተበላሸ። «እማማ፣ እባክዎት አንዴ ዝም ይበሉልኝ፤ እያለቀስኩ እኮ ነው!» አለች ልጅቱ፣ ደረቅ ዓይኗን እያሸች። እንባው በመጨረሻ መጥቷል፤ ምስጋናው ግን ለተዋንያኑ ሳይሆን ለቡናው ጭስ ይገባል።

ቪዲዮው አዲስ አይደለም። ግንቦት 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓለም በኮሮና ምክንያት በየቤቱ ተከርችሞ በነበረበት ጊዜ፣ ጆሽ ጋድ የተባለው አሜሪካዊ ተዋናይ የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን ተዋንያንና ዳይሬክተሩን ፒተር ጃክሰንን በየቤታቸው እንደተቀመጡ በዩቲዩብ አገናኛቸው። ዘጠኝ ተጓዦች አንድ ክፉ ቀለበት ሞርዶር በሚባለው የጠላት አገር እሳት ውስጥ ለማቅለጥ የሚወጡበትን ታሪክ የሚተርኩት ሦስቱ ፊልሞች በኒውዚላንድ በአንድነት ተቀርጸው በአውሮፓውያኑ 2001፣ 2002 እና 2003 በተከታታይ የወጡ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ለ11 ኦስካር ታጭቶ 11ዱንም ጠራርጎ ወስዷል። ኢላይጃ ዉድ፣ ኢያን ማክኬለን፣ ቪጎ ሞርተንሰን፣ ሾን ቢን፣ ሌሎቹም ተገኝተው ተጨዋወቱ። ከወጉ ሁሉ የወደድኩት የሾን ቢንን ነው፦ ወደ ሞርዶር እንዲሁ ዘው ተብሎ እንደማይገባ ጓዶቹን የሚያስጠነቅቅበት ዝነኛ ንግግር ዘግይቶ ስለደረሰው፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እያጮለቀ ነበር የሚናገረው። ጉልበቱ ላይ ወረቀት ደብቆ የሚናገር ሰው እኛም በየስብሰባው አይተናል፤ እንደ እሱ ያማረበት ግን አላጋጠመንም።

እንግዲህ ተዋንያኑ ተሳሳቁ፣ ተራረቡ፣ ተሰነባበቱ። በእነሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከተሰነባበቱ በኋላ እንኳ አልሰናበት ባሉት አድናቂዎች ላይ ነው። አድናቂ ማለት በዘመናችን ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ ሰው ነው፤ አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ሰው ቡዳ ነው ይሉት ነበር፣ እኔ ግን ዘመድ ስለሆነች ይህን አልልም። በሁለተኛው ፊልም ቪጎ ሞርተንሰን የብረት ቆብ በእርግጫ ሲመታ የእግሩን ጣቶች ሰብሯል፤ በፊልሙ ላይ የሚሰማው ጩኸትም የእውነት ጩኸት ነው። ይህን የማያውቅ አድናቂ የለም፤ አውቆ ዝም ያለም አልተገኘም። በቤታችን ፊልሙ በተከፈተ ቁጥር እዚያ ቦታ ላይ እንዲቆም ይደረግና ገለጻው ለእንግዳ፣ ለጎረቤት፣ አንድ ጊዜም የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣ ሰው ተሰጥቷል። እናቴ ነገሩን ከልቧ ስለወሰደችው እስከ ዛሬ ድረስ «ያ ልጅ እግሩ ዳነለት?» እያለች ትጠይቃለች። ከዘጠኙ ተጓዦች ስምንቱ ለመታሰቢያ ዘጠኝ ቁጥርን በፊልሙ ዓለም ፊደል ሲነቀሱ፣ ድንክየውን የተጫወተው ጆን ሪስ ዴቪስ አልነቀስም በማለቱ በአደገኛ ትዕይንቶች ላይ እሱን የሚተካው ሰው በምትኩ ተነቅሷል፤ ልጅቱና ጓደኛዋ በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ የሰማ ሰው የአባታቸው ውርስ ሳይከፋፈል የቀረ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ምወደው ተረት ልምጣ። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አዲስ አበባ ውሰዱኝ እያልኩ ባስቸገርኩት ቁጥር የሚመልስልኝ ይህንኑ ነበር፤ እውነትም አዲስ አበባን አይቼ እስክመለስ ድረስ አልናፈቀችኝም። እነዚህ አድናቂዎች ግን ይህን የመሰለ ጥንቅቅ ያለ ተረት አፍርሰውብኛል። የእህቴ ልጅ ሦስተኛው ፊልም ሲወጣ ገና አልተወለደችም፤ ሆኖም ከቪዲዮው ሥር «ልጅነቴ!» ብላ ጽፋለች። ሆቢት የሚባሉት የፊልሙ ትንንሽ ሰዎች መንደር የተሠራው ኒውዚላንድ ውስጥ ማታማታ ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው፤ እሷ ከጅማ ወጥታ የሄደችበት ሩቅ አገር ቢኖር አዲስ አበባ ነው፤ ሆኖም «ወደ ቤቴ መመለስ ናፈቀኝ» ብላ ጽፋለች። ይህን የጻፈችው በቤቷ፣ ጋቢዋን ለብሳ፣ ሁለተኛው የቡና ስኒ ፊቷ ተቀምጦ እየቀዘቀዘ ሳለ ነው። አረንጓዴ ኮረብታ ከሆነ ያስለቀሳት፣ ጅማ ላይ በክረምት አረንጓዴ ያልሆነ ነገር ፈልጎ ማግኘት ነው የሚቸግረው። ጅረን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቆሟል፤ ንጉሥ ነበረው፣ ሸንጎ ነበረው፣ የእንጨት ሥራውም ያምራል። ይህን ስነግራት «ጋሼ፣ እሱን እኮ በትምህርት ቤት ጉዞ አይቼዋለሁ» አለችኝ። አንዴ የታየ አገር አይናፍቅም ማለቷ ከሆነ፣ ተረቱን አፍርሳ አልበቃትም፤ ገልብጣዋለች ማለት ነው።

ለቅሶውም ቢሆን ሥርዓት ያጣ ለቅሶ ነው። የድሮዋ አልቃሽ ለማታውቀው ሰው በማልቀስ እንደነዚህ አድናቂዎች ነበረች፤ ነገር ግን ከማልቀሷ በፊት የሟቹን አባትና አያት፣ የት እንደዘመተ፣ ለማን እንዳበላ ጠይቃ፣ ቤት የሚመታ ግጥም አዘጋጅታ፣ ደረቅ ዓይን ይዞ የመጣውን ባዳ ሳይቀር አንሰቅስቃ ትመልሰው ነበር። የዛሬው አድናቂ ቢጫ የሚያለቅስ ፊት ሦስት ጊዜ ይደረድራል፤ የባሰ ያዘነ እንደሆነ አምስት ጊዜ ይደረድራል። ተዋንያኑ እኮ በሕይወት አሉ! ተገናኝተው እየሳቁ ነው! ለሚስቅ ሰው ማልቀስ ምን የሚሉት ጭንቀት እንደሆነ አስረዳኝ ብዬ የጠየቅሁት የልጅቱ ጓደኛ «ስሜት ነው፣ ጋሼ» ብሎ አለፈኝ። ስሜትማ ለእኛም ተሰጥቶን ነበር፤ ስኳር ዕቃ ላይ አስደግፈን አልቀረጽነውም እንጂ።

በዚህ ፊልም የመጣ እንባን በተመለከተ፣ በእውነት የተበደልኩት እኔ ነኝ። ፊልሙ ጅማ በደረሰበት ዘመን ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት፣ ሦስተኛውን ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቀን፣ ሙቀቱንና የጎረቤትን ክርን ችለን አየነው። ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ይረዝማል። ቀለበቱ ከእሳቱ ገብቶ ቀለጠ፣ ተራራው ፈነዳ፣ ሁለቱ ትንንሽ ጀግኖች በሚፈላው ድንጋይ መካከል ተቃቅፈው ተኙ፣ ስክሪኑም ጥቁር ሆነ። በዚህች ቅጽበት የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት መብራት አብርቶ «አለቀ፣ ውጡ! የኳስ ሰዎች እየጠበቁ ነው!» አለን። በር ላይ የእንግሊዝ ኳስ የሚያዩት ሰዎች የመግቢያቸውን ብር ይዘው እየተጋፉ ነበር። እኛም ሁለቱ ልጆች እዚያ ድንጋይ ላይ ሞተው ቀሩ ብለን፣ በዝናብ እየረጠብን፣ አንጀታችን እየተላወሰ ወደ ቤታችን ገባን። ንስሮቹ መጥተው እንዳወጧቸው፣ ንጉሡ እንደነገሠ፣ ሁሉም ለትንንሾቹ እንደሰገዱላቸው፣ ከሁለቱ አንዱ ሳም ተኩሎ እንደተዳረ፣ በመጨረሻ የሚሰነባበቱባት መርከብም እንደሄደች ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አላወቅንም። አንድ ጓደኛዬ በሐዘኑ ብዛት አንደኛውን ክፍል እንኳ ደግሞ ማየት አልሆነለትም። ያ ሰውዬ ንግዱን ሠራ ብዬ እንዳላልፈው፣ በዚያው ወር የሕንድ ፊልም ዘፈኖቹ ሳይቀሩ እስከ መጨረሻ ሲያሳይ በዓይኔ አይቻለሁ። ሕንዶቹ ከሦስት ሰዓት በላይ ሲዘፍኑ ኳስ አልነበረም? ነበረ። ዛሬም ቂሜ አልበረደም፤ የተሰነባበቱበትን መርከብ ሳላይ ያረጀሁ ሰው ፊት ሌላው በስንብቱ ተደጋግሞ ሲያለቅስ መታገሥ ቀላል አይደለም።

ስለ አድናቂዎቹ ስናገር የነበረውን ልጨርስ። ያ የተዋንያኑ ስብሰባ ያለ ዓላማ የተደረገ አልነበረም፤ በአሜሪካ የተራቡ ሕፃናትን ለመመገብ «ኖ ኪድ ሃንግሪ» ለተባለው ዘመቻ ገንዘብ ይሰበሰብበት ነበር። የእህቴን ልጅ ምን ያህል አዋጣሽ ብዬ ብጠይቃት «ጋሼ፣ እኔ እኮ አድናቂ ነኝ» አለችኝ። በእኛ ዕድር እንዲህ ያለ መልስ አያስኬድም፤ ቀብር ያልወጣ ይቀጣል፣ መዋጮ ሳይከፍል ድንኳን ውስጥ የሚንሰቀሰቅም ስሙ በጉባኤ ይነበባል። ስለዚህ አድናቂዎቹ ዕድር ያቋቁሙ እላለሁ። ለአንድ የሚያለቅስ ቢጫ ፊት መጠነኛ ሒሳብ ይተመን፤ የተሰበረውን ጣት ታሪክ ለሰማ ሰው ደግሞ የተናገረ ይቀጣ፤ በሁለተኛ ቀረጻ የመጣ እንባ እጥፍ ያስከፍል፣ የጭስ እንባ ከሆነ ግን እናቴ ድርሻዋ ይታሰብላት። ገንዘብ ያዥነቱን እኔ በነፃ እቀበላለሁ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት አባል ልሁን ብሎ ካመለከተ ግን የዚያን ቀን መግቢያዬን ከነወለዱ ይመልስና ከዚያ በኋላ ማመልከቻው ይታያል።