ክፍለ ጊዜውን ለወርክሺት፣ ሙከራውን ለቪዲዮ

ሰሞኑን በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ፣ ከመጪው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል የኬሚስትሪ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ቀርቶ በምትኩ የማትሪክ ጥያቄዎች መለማመጃ ወርክሺት እንደሚሰጥ አስታውቋል። ውሳኔውን ያብራሩት ኃላፊ፣ የሙከራው ውጤት መጽሐፉ ላይ ተጽፎ ሳለ የታወቀን ነገር ለማየት 40 ደቂቃ ማባከን እንደማያስፈልግ፣ ማየት ለሚፈልግም ቪዲዮ መኖሩን ሲናገሩ፣ ተቃውሞ ይነሳል ብዬ ከጠበቅሁት አዳራሽ የተሰማው ጭብጨባ ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ከውሳኔው ይልቅ ጭብጨባው ነው።

ውጤቱ ተጽፏል የሚለውን ክርክር እንያዘው። ተማሪ የሚሞክረው ውጤቱን ለማየት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሙከራን ከትርኢት ለይቶ አያውቅም። መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አረፋ ሲያስነሳ ስድሳ ተማሪ አንገቱን አስግጎ የሚመለከትበት ክፍለ ጊዜ ከሆነ የተሰረዘው፣ እኔም አላለቅስለትም። የምሟገተው ተማሪው ራሱ ስለሚነድፈው፣ ምኑን ልለውጥ፣ ምኑን ሳልነካ ልተው፣ ያየሁትንስ ከምን ጋር ላወዳድር እያለ ስለሚጨነቅበት ሙከራ ነው። የዚህ ጭንቀት መልስ በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ላይ አልታተመም።

የእህቴ ልጅና የክፍል ጓደኞቿ አቼቶ ሲሞቅ ከሶዳ ጋር ሲቀላቀል የሚያነሣው አረፋ ይፈጥን እንደሆነ ለማወቅ ተነሥተው ነበር። ሦስት ብርጭቆ ደረደሩ፤ አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ ለብ ያለ፣ አንዱ ሞቅ ያለ እኩል መጠን ያለው አቼቶ ተቀዳበት፤ ከሰፈር ሱቅ ቤኪንግ ሶዳ ብለው ከገዙት ዱቄት በየብርጭቆው አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨመሩ። እንደጠበቁት ሁሉም አረፋ አነሣ። ይህን ጊዜ ከመካከላቸው ዝምተኛዋ ልጅ በአራተኛ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ቀድታ ያንኑ ዱቄት ጨመረችበት፤ እርሱም አረፋ አነሣ። ሶዳ በውሃ ብቻ እንዲህ አይፈላም። ማሸጊያውን ገልብጠው ቢያነቡት የተሸጠላቸው ቤኪንግ ፓውደር ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ከሶዳው ጋር አብሮ የተቀመጠ ደረቅ አሲድ ስላለው ውሃ ሲነካው ብቻውን ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ የመዘገቡት ሁሉ የአቼቶው ይሁን የዱቄቱ አልተለየም ነበር፤ ደፍተው እንደገና ጀመሩ። እስቲ የትኛው ቪዲዮ ነው ከሱቅ ተሳስቶ የሚገዛው? የትኛው ወርክሺትስ ነው ያችን አራተኛ ብርጭቆ ያለ ማንም ትእዛዝ የሚያስቀዳው?

ውጤቱ የታወቀው ደግሞ የት ነው? 5 ግራም ሶዳ በበቂ አቼቶ ሙሉ በሙሉ ሲፈታ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በባሕር ጠለል ላይ፣ በክፍል ሙቀት፣ ሲሰላ 1.4 ሊትር ያህል ነው። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ግን የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ጋዝም ግፊት ሲቀንስ ስለሚሰፋ፣ ያው 5 ግራም እዚህ ወደ 1.9 ሊትር ይጠጋል፤ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ባለችው ሰመራ የሚሞክር ተማሪ ደግሞ ሙቀቱ እያለም ከአዲስ አበባው ያነሰ ያገኛል። የራሱን ከተማ አየር የማያውቅ ተማሪ ባሕር ዳርቻ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ አይቶ የታወቀ ውጤት አወቅሁ ቢል ማን ይታዘበዋል?

በስክሪን ማስተማርን ይህች አገር ቀምሳዋለች። በ1990ዎቹ ማብቂያ በየክፍሉ የተሰቀለውን ፕላዝማ ያዩ ሰዎች ዛሬ ወላጆች ሆነው በዚያው አዳራሽ ተቀምጠው ነበር። ፕላዝማው ቁም ቢሉት አይቆምም፣ ቢጠይቁት አይመልስም፣ ተማሪው አንዱን መስመር ሳይጨርስ ሌላው ይመጣል። ይህን ያሳለፈ ወላጅ ለቪዲዮ ማጨብጨቡ ይገርመኛል።

አደጋ አለው የሚሉም አሉ። ጠንካራ አሲድ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በየቤቱ መታጠቢያ ክፍል በረኪና አለ፤ ከአቼቶ ወይም አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ምን ከምን ጋር እንደማይደባለቅ ሳያውቅ የሚያድገው ልጅ ነው የሚያሰጋኝ።

ኬሚካል የለም ማለትም ሰበብ ነው። ሦስት ብልቃጥና ሦስት ሚስማር፣ አንዱ ውሃና አየር የሚያገኝ፣ አንዱ ፈልቶ በቀዘቀዘና ዘይት በተደፋበት ውሃ የሰጠመ፣ አንዱ በደረቅ የተከደነ፤ ዝገት ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ከዚህ በላይ ዕቃ አያሻም። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው ሲያዩ፣ ነገሩን የጀመረላቸው ውድ መሣሪያ ሳይሆን አንዱን ቦታ ከሌላው ጋር ማወዳደራቸው ነው።

ለማትሪኩ ነው ከተባለም፣ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አንባቢ አልረሳውም። እነዚያ ልጆች ወርክሺት አጥተው አልወደቁም፤ ሲሸመድዱ ኖረው ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል ጠፋባቸው። ትምህርት ቤቱ ተቃራኒውን የሚያምን ከሆነ አንዱን ሴክሽን በወርክሺት፣ ሌላውን በሙከራ፣ በአንድ መምህርና በእኩል ሰዓት አስተምሮ ልዩነቱን ያሳየን። ይህን ሳያደርግ በሁሉም ልጆች ላይ ያወጀው ውሳኔ ለማወዳደሪያ አንድም ክፍል አላስቀረም።

እስከዚያው የሚሰረዘው ክፍለ ጊዜ ይመለስ፤ ከተከታታይ ምዘናውም 10 ነጥብ ይመደብለት። ነጥቡ ግን አረፋ ለተነሣለት አይሰጥ። ከመጀመሩ በፊት የሚለውጠውን አንድ ነገር፣ የማይነካቸውን ነገሮችና የማወዳደሪያ ብርጭቆውን ለይቶ በወረቀት ላይ ላስቀመጠ ተማሪ ይሰጥ፤ የጠበቀው ባይሆንለትም እንኳ።