ጭሱን ሙሉ በሙሉ አይበላውም
ጂኑ ስለተሻሻለ ባክቴሪያ በወጣ አንድ ጽሑፍ ላይ ያለው «የተሻሻለው ባክቴሪያ የብረት ፋብሪካን ጭስ ሙሉ በሙሉ ይበላዋል» የሚለው አገላለጽ ያሳስታል። ክሎስትሪዲየም አውቶኤታኖጀነም የተባለው ይህ ባክቴሪያ የሚመገበው ጥቀርሻውን አይደለም፤ ዋና ምግቡ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ነው። ያውም ሃይድሮጅን ካልታከለለት ከ6 ሞለኪውል ካርቦን ሞኖክሳይድና ከ3 ውሃ 1 ኢታኖል (አልኮል) ሠርቶ 4 ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ይለቃል። ከ2 ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር 4 ሃይድሮጅን ሲያገኝ ግን የሚወጣው ኢታኖልና ውሃ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ ሃይድሮጅኑ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ነበረበት። ሌላው ትልቅ ማነቆ ካርቦን ሞኖክሳይድ ውሃ ውስጥ እምብዛም አለመሟሟቱ ነው፤ በ20 ዲግሪ በሊትር 28 ሚሊግራም ገደማ ቢሆን ነው። ጋዙ በጣም ደቃቅ አረፋ ሆኖ ካልተበተነ ባክቴሪያው ጋዝ መሃል ተቀምጦ ይራባል። ባክቴሪያው የሚኖርበት ጋን 37 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት፣ ጋዙም ቀዝቅዞ፣ ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባለው መርዛማ ጋዝና ኦክስጅኑ ተወግደውለት መግባት አለበት፤ ኦክስጅን ለዚህ ባክቴሪያ መርዝ ነው። «ይህ ባክቴሪያ ሚኒባስ ጭስ ማውጫ ላይ ቢገጠምስ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ የማይሆነው ለዚህ ነው፦ የናፍጣ ጭስ ኦክስጅን አለበት፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በ2018 ቻይና ሄቤይ ውስጥ ሥራ የጀመረው ላንዛቴክ የተባለው ኩባንያ ቴክኖሎጂ የሚሠራበት የኢታኖል ፋብሪካ የተሳካለት የብረት ፋብሪካውን ጋዝ ገና ሳይበተን በቧንቧ ስለሚቀበል ነው። የጂን ማሻሻያው እውነተኛ ውጤት የታየው በ2022 ነው፤ ያኔ ይኸው ባክቴሪያ በ120 ሊትር የሙከራ ጋን አሴቶንና አይሶፕሮፓኖል የተባሉ የኢንዱስትሪ ኬሚካሎችን እንዲያመርት ተደርጓል።