ለማትነሳዋ ሚኒቫን ምስጋና ይድረስ

ሰሞኑን ትከሻዬን አሞኛል። መኪና ስገፋ ነው። የራሴ ቢሆን ባልከፋኝ። እኔ መኪና የለኝም።

የገፋሁት የልግስና መኪና ነው። እነዚህን ቸሮች መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ጫማ ለግሱ ሲባሉ ሶሉ የተገነጠለ፣ ያውም የአንድ እግር ብቻ ያመጣሉ። መጽሐፍ ሲባሉ ልጃቸው የሞነጫጨረበትን ደብተር። ቁራሌው እምቢ ያለው ሁሉ እነሱ ዘንድ "ድጋፍ" ይባላል። ይመስገኑ እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

የኛው ለጋስ የኮምቦልቻ ሰው ነው። የቤተሰብ ሚኒቫን ነበረችው። ልጆች አመላልሳ፣ ሰርግ አጅባ፣ ሽንኩርት ጭና ሲደክማት ግቢው ውስጥ ቆመች። ሁለት ክረምት ዘነበባት። ደላላ ሁሉ እየመጣ አይቷት ተመለሰ። ይህን ልብ በሉልኝ። በዚህ አገር መኪና ሲያረጅ ይወደዳል እንጂ አይረክስም። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህማ ለቆመውም ገዢ አለ። እንግዲህ የደሴም የኮምቦልቻም ደላላ "ይቅርብን" ያላትን መኪና እናንተው ገምቷት።

አንድ ቀን ሚስቱ "ይቺን ነገር ከግቢዬ አንሳልኝ፣ ድመት ወለደችባት" አለችው። በማግስቱ የሰውየው ልብ ለአረጋውያን ራራ።

ደሴ ያለነው የአረጋውያን መርጃ ቤት ሰዎች ኮምቦልቻ ተጠራን። ባነር ተዘርግቷል። መኪናዋ ላይ ካለው ሁሉ አዲሱ እሱ ነበር። ሪባንም አለ። ከካርቶን የተቆረጠ፣ አንድ ክንድ የሚሆን ቁልፍም አለ። በኋላ እንደገባኝ በካርቶኑም ሆነ በእውነተኛው ቁልፍ ያው ነው፣ አትነሳም። ቀኝህ ሲሰጥ ግራህ አይወቅ ይባላል። የእሱ ቀኝ ሲሰጥ ግራው ስልክ ይዞ ይቀርጽ ነበር። ከደሴ ይዘናቸው የወረድን አንዲት እማማ ከኮፋኖው አጠገብ ቆመው መረቁ፦ "የሰጠኸውን አላህ እጥፍ አድርጎ ይመልስልህ!" የሰውየው አሜን ትንሽ ዘገየ። እንዲህ ዓይነት ሁለት መኪና ማን ይፈልጋል?

ከዚያ የሐረጎ ዳገት መጣ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ሽቅብ ነው፤ ጤነኛ አይሱዙም እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ባትሪ የለም፣ ገፋን። ተነሳች። ጭሷ የጦሳ ተራራን ጉም አስናቀ። ጥቂት ሄዳ ራዲያተሯ ፈላ። በሃይላንድ ውሃ አፈሰስንላት፣ ገፋን። ፍሪሲዮኗ ሸተተ፣ ገፋን። ስለ ፍሬኗ ማንም አልጠየቀም፣ ሽቅብ አይደል! የጠየቅነው ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ነው። ወዲያው አንዱ ልጅ ታኮ ያዥ ተብሎ ተሾመ። ድንጋይ ታቅፎ ከኋላ ይሮጣል፣ በቆመች ቁጥር ጎማዋ ሥር ይወሽቃል። የአንድ ባጃጅ ሾፌር ሪባኑን አይቶ ፍጥነቱን ቀነሰና "ሙሽሪትን ወዴት ነው?" አለን። መልስ የሚሰጥ ትንፋሽ አልነበረንም። ከሦስተኛው ጥምዝ በኋላ በ6 ሺህ ብር አይሱዙ ጎተተን። ከየት መጣ ብሩ? ከአረጋውያኑ የምሳ ገንዘብ።

ይህን አሜሪካ ላለችው የአክስቴ ልጅ ነገርኳት። እዚያ ያረጀ ሚኒቫን ለበጎ አድራጎት መስጠት የተለመደ ነው። ድርጅቱ በራሱ ወጪ ያስጎትታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሸጦ ገንዘቡን ለሥራው ያውላል። ለሰጪውም ከግብር የሚያስቀንስበት ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ድሮ ብልጦቹ ሬሳ መኪና ሰጥተው የጤነኛ ዋጋ ያስመዘግቡ ነበር። በፈረንጆቹ 2005 ግን ሕጉ ጠበቀ። ከ500 ዶላር በላይ ላስቀንስ የሚል ሰው፣ ድርጅቱ ሳይጠግናትና ሳይገለገልባት ከሸጣት፣ የሚቀነስለት የተሸጠችበት ብቻ ነው። ምስኪኖች! የኛ ሰውዬ ጭብጨባ በዚህ ቢሰላ ሂሳቡ በኪሎ ነበር።

ሊብሬው እስካሁን በስሙ ነው። "ትዝታ አለብኝ" ይላል። የሁለት ዓመት ቦሎ አልታደሰም፣ እሱን ግን ድርጅቱ ይጨርስ ብሏል። ትዝታው የእሱ፣ ውዝፉ የእኛ።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት እኒያ የመረቁት እማማ ትንፋሽ አጠራቸው። ዝናብ ነበር። ሚኒቫኗ በሩ ላይ ስለቆመች ባጃጅ መግባት አልቻለም። በብርድ ልብስ ተሸክመን በዚያ በደሴ ብርድ እስከ አስፋልቱ ወጣን። እዚህ ላይ መቀለድ አቃተኝ። የገዛ ልጅህን የማታሳፍርበትን መኪና ለሰው እናት ስትሰጥ ትንሽ አታፍርም? የምትጥልበት ብታጣ ድሃ ደጃፍ ጣልከው። እሱ ሳያንስ አስመረቅህበት!

እማማ ደኅና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ሚኒቫኗ ጥቅም የላትም ያለ ይዋሻል። የኋላ ወንበሯ ንፋስ አያስገባም፣ ሽማግሌዎቹ ከሰዓት ቡና ይጠጡባታል። ድመቷም አብራ ተለግሳለች። ከነልጆቿ።

ትናንት ደግሞ አንድ ልጅ በባጃጅ ተልኮ መጣ። ሰውየው ሌላ መኪና ገዝቷል፣ ሐረጎ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ቆሟል። ክሪኩ ሚኒቫኗ ውስጥ ተረስቶ ነው እንጂ ከስጦታው ጋር አልነበረም አሉ። ከወንበር ሥር ፈልገን ሰጠነው። ልጁ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

"ትርፍ ጎማውስ?"